ለአንድ አስታማሚ ብቻ

በእኛ ሠፈር ብቻውን ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ካያችሁ ወይ ለአገሩ እንግዳ ነው፣ ወይ ሰው የጠላው ነው። እኔ ያደግሁት ደሴ ነው፤ እኛም ሰው እናስታምማለን፣ ማን ያስተምረናል! ቦንጋ ለማስተማር ተመድቤ መጥቼ፣ አግብቼ፣ ወልጄ ስኖር ያየሁት ግን ሌላ ነው። አንዱ ወደቀ ከተባለ ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ እድርተኛው፣ ሌላው ቀርቶ በወሰን ተካሶት የከረመው ሳይቀር ሥራውን ጥሎ ይከተለዋል። የቀረ ሰው ዕድሜ ልኩን ይወቀስበታል።

ታዲያ የድንገተኛ ክፍሉ ኮሪደር ምን ይመስል እንደነበር አስቡት። ዝናብ የዘነበ ቀን ጭቃው፣ እርጥቡ ጋቢ፣ ምግብ የተቋጠረበት ሳህን፣ ሁሉም ውስጥ ነው። ጋቢ የደረበ ሁሉ በሽተኛ ይመስላል። አንድ ጊዜ ነርሷ የጠያቂውን ግፊት ለክታ ስትጨርስ በሽተኛው አግዳሚ ወንበሩ ሥር ተኝቶ ተገኘ እየተባለ ሲሳቅ ከርሟል። እኔ ግን አልሳቅሁም። ልጄን ትኩሳት ይዟት የወሰድኳት ቀን ሐኪሙ እኛ ጋ ለመድረስ በሰው ትከሻ መሃል ሲጋፋ አይቼዋለሁ፤ እስኪደርስ ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

በኋላ ሆስፒታሉ ደንብ አወጣ። ለአንድ በሽተኛ አንድ አስታማሚ ብቻ። በር ላይ ጥበቃው አንድ ሰማያዊ ካርድ ይሰጣል፤ ካርዱን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ይገባል፣ ሌላው ከአጥሩ ውጭ ይጠብቃል። ሠፈሩ አበደ። «ሰው እንደ ውሻ ብቻውን ይሙት ነው የሚሉት?» ያሉ ነበሩ። እኔ መምህራን ክፍል ውስጥ ሳይቀር ተሟግቼ «ደግ አደረጉ» ብያለሁ፤ ዛሬም ደግ አደረጉ እላለሁ። ወረፋው አጠረ። ሐኪሞቹ የሚያክሙትን ሰው ፊቱን ማየት ቻሉ።

ግን ኮሪደሩ ጸጥ አለ። ዱሮ ሰው የታመመበት ሁሉ «ኧረ ይህ ሰው ሞተ! ዶክተር የለም ወይ!» እያለ ይጮህ ነበር። ጩኸቱ ያሰለቻል፣ ነገር ግን ማን እየባሰበት እንደሆነ ይናገር ነበር። አሁን በሽተኛው የሚናገረው በአንድ ሰው አፍ ነው። ያ አንድ ሰው ማን ይሁን የሚለውን ደግሞ ሆስፒታሉ ለእኛ ለቤተሰቦች ተወው። እኛ እንዴት አድርገን እንደምንመርጥ ማንም አልጠየቀንም።

አማቴ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከደካ መጥተው እኛ ጋ ይኖሩ ነበር። ከልጃቸው ጋር የሚያወሩት በካፊኖኖ ነው፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ። አማርኛቸው ሴቱን ወንድ ያደርግ ስለነበር እኔን «አንተ» ይሉኛል። «አንተ ልጅ፣ ቁጭ በል እንጂ፣ ደክሞሃል እኮ» ሲሉኝ ያልደከመኝም ይደክመኛል። በጣም ነበር የምወዳቸው። እናቴ ሩቅ ስለነበረች ነው መሰለኝ፣ በእናቴ ቦታ ነው የገቡት።

ስኳር በሽታ እንዳለባቸው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ወስጄ ያስመረመርኳቸው እኔ ነኝ፤ ክኒናቸውን የማመጣውም እኔ ነኝ። ለልጃቸው እንኳ እንዳልናገር አስምለውኛል። አገራቸው የማር አገር ነው፣ ሰው ቤት ሲገቡ ከሁሉ በፊት የሚቀርበው ማር ነው። «ስኳር አለባት ከተባልኩ ማሩ ከፊቴ ይነሳል። ማር የተነሳበት ሰው ደግሞ ከሰው ተራ የወጣ ሰው ነው» ይሉኝ ነበር። ሲቀርብላቸው ለወጉ ያህል በጣታቸው ጫፍ ይቀምሳሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ እጨቀጭቃቸዋለሁ፤ እሳቸው «ሆድ ይፍጀው» ብለው ይዘጉኛል።

ክኒኑን ያዘዘችልን ሐኪም ሁለታችንንም ቁጭ አድርጋ አስጠንቅቃናለች። ክኒኑ ተውጦ ምግብ ከተዘለለ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል። ላብ ካጠመቃቸው፣ ከተዘባረቁ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው ቶሎ ጣፋጭ ነገር መስጠት ነው፤ መዋጥ ካቃታቸው በሩጫ ወደ ሆስፒታል። «ይህ እንቅልፍ ሰው የሚያርፍበት እንቅልፍ እንዳይመስላችሁ» አለችን። ይህ ንግግሯ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከእኛ ቤት ትንሽ ወረድ ብሎ የአማቴ ታላቅ ወንድም ይኖራሉ። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች እህታቸውን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ ሰው ናቸው። አገር ያከበራቸው ሽማግሌ ናቸው፤ የተጣላ ባልና ሚስት፣ በወሰን የተካሰሰ፣ ሁሉም እሳቸው ደጅ ነው የሚመጣው። ከሁሉ በላይ የሚከበሩት አንድ ጊዜ የተናገሩትን ስለማያጥፉ ነው። «ካፍ የወጣ አፋፍ» ማለት ያዘወትራሉ። ባሌ ስለ አጎቱ ሲያወራ ደረቱን ነፍቶ ነው፤ እኔም አከብራቸው ነበር።

ነገሩ የሆነው በሕማማት ነው። በዕድሜያቸው ምክንያት የንስሐ አባታቸው አማቴን ከጾም ነፃ አድርገዋቸው ነበር። ሕማማት ሲገባ ግን መብላቱን ሕሊናቸው አልቀበል አለ። ክኒኑን ከፊቴ ውጠው፣ ያቀረብኩላቸውን ቁርስ እኔ ከቤት ስወጣ ለዶሮዎቹ በትነውታል። ይህን ያወቅሁት ከገበያ ስመለስ ዶሮዎቹ በረንዳው ላይ ተሰብስበው ሲለቅሙ አይቼ ነው። ዘንቢሌን ጥዬ ወደ ውስጥ ሮጥኩ።

መደባቸው ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ነበር። ላባቸው ነጠላቸውን አርሶታል። ዓይናቸው ተከፍቶ እኔን አያይም፤ በካፊኖኖ ሊገባኝ ያልቻለ ነገር ያጉረመርማሉ። ስኳር በውሃ በጥብጬ አፋቸው ላይ ባደርግ ጥርሳቸውን ገጥመው በአገጫቸው ወረደ። «እማማ! እማማ፣ በማርያም ይዋጡት!» ብዬ ጮህኩ። በጩኸቴ ሠፈሩ መጣ፤ አጎትየውም መጡ።

ባጃጅ ተጠራ። አማቴን አንስተው አስገቡ፤ አጎትየው ከእህታቸው ጎን ገቡ። እኔም ልገባ ስል ጎረቤቶቼ ይዘውኝ «አንቺ እየተንቀጠቀጥሽ ነው፣ ከኋላ ነይ» ብለው ሌላ ባጃጅ ላይ ጫኑኝ። ባሌ ለሥራ ቢታ ገነት ሄዶ ነበር፤ ደወልኩ፣ ስልኩ አይሠራም። በመንገዱ ሁሉ ጭጋግ ነበር፣ ከፊት ያለችውን ባጃጅ አንዳንዴ አያታለሁ፣ አንዳንዴ ትጠፋብኛለች። አብረውኝ ያሉት ሴቶች «አይዞሽ፣ ትንሽ ደክሟቸው ነው» ይሉኛል። መሐላዬ አፌን ይዞታል፤ ለሐኪም ብቻ እናገራለሁ ብዬ ቸኮልኩ።

ስንደርስ አማቴ በተሽከርካሪ አልጋ እየገቡ ነበር። ጥበቃው ሰማያዊውን ካርድ ይዞ «አስታማሚው ማነው? አንድ ሰው!» አለ። እጄን ዘርግቼ ሮጥኩ። ካርዱ ግን በራሴ ላይ አለፈ። ሁሉም ሰው፣ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ፣ ወደ አጎትየው ጠቁሞ ነበር። ሰውየው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ካርዱን ተቀበሉ፣ በጋቢያቸው ላይ አስተካከሉት፣ ገቡ። «ኧረ እኔ ልግባ፣ የማውቀው እኔ ነኝ!» ስል አንዷ ቀሚሴን ጎተተችኝ። «ታላቅ እያለ? ምን ነካሽ?» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ እንዲያውም ነውር እንዳልሠራ አዝናልኝ ነው።

መሐላው እዚያው በሩ ላይ ፈረሰ። ለጥበቃው ነገርኩት። «ስኳር በሽታ አለባቸው፣ ወርዶባቸው ነው፣ ለሐኪሞቹ ንገርልኝ፣ በሞትኩት!» አልኩት። ልጁ ጨዋ ነው። «እትዬ፣ ባለካርዱ ውስጥ ናቸው፣ እሳቸው ይንገሩ። እኔ በሩን ትቼ ብሄድ ይህ ሁሉ ሰው ተከትሎኝ ይገባል» አለኝና ከኋላዬ ያለውን ሰው በእጁ አሳየኝ። ዞሬ አየሁ። ሁሉም የእኛ ሠፈር ሰው ነበር።

የአጎትየው ስልክ ቤታቸው ቀርቷል። ምን ይደረግ! በአጥሩ ብረት መሃል የድንገተኛ ክፍሉ በር ይታያል፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ የእኛን የሚመስል ሰው አይወጣም። ሲያካፋ ሌላው ሰው ዛፍ ሥር ገባ፤ እኔ ብረቱን ይዤ ቀረሁ። ውስጥ ምንም ድምፅ አልነበረም። ዱሮ ቢሆን የእኛ ሰው ግድግዳውን ያፈርሰው ነበር።

እኩለ ቀን አካባቢ አጎትየው ወደ አጥሩ መጡ። ሰው ሁሉ ከበባቸው። «አይዟችሁ» አሉ። «ላቡም ቆሟል። አሁን ጥሩ እንቅልፍ ወስዷታል። ነርሱ አይቷት ቢጫ ምልክት እጇ ላይ አድርጎላታል፤ ቀይ የሚደረገው ለባሰበት ነው አለኝ።» ሰዉ «ተመስገን!» አለ። እኔ ግን ሰዉን ገፍቼ ቀረብኩ። በብረቱ መሃል እጃቸውን ይዤ ወደ ራሴ ሳብኳቸውና በጆሯቸው ነገርኳቸው። ስኳር እንዳለባቸው፣ ክኒኑን ውጠው እንዳልበሉ፣ ያ እንቅልፍ እንቅልፍ እንዳልሆነ። «አባባ፣ አሁኑኑ ይንገሯቸው፣ በመርፌ ስኳር ከሰጧቸው ይነቃሉ። ካልሰጧቸው አይነቁም» አልኩ።

ሰውየው ፊታቸው ተለወጠ። ለእሳቸው ያልተነገረ ነገር ለእኔ መነገሩ ነበር መጀመሪያ የወጋቸው፤ አየሁት። «እሺ ልጄ» ብለው ተመለሱ። ጀርባቸውን እያየሁ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ በቃ ተረፉ ብዬ ነበር።

ከዚያ ሚኒባስ ተገለበጠ ተባለ፤ የቆሰሉ ሰዎች መጡ፤ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። የእኛዎቹ የተቋጠረውን ፈትተው ንፍሮ ተካፈሉ። አንዷ በእጄ አስያዘችኝ፤ ያዝኩት እንጂ አልበላሁም። ስኳር ቢሰጣቸው ኖሮ እስካሁን ነቅተው አጎትየው ሊያበስሩን ይወጡ ነበር። የኮሪደሩ ጸጥታ ወደ አጥሩ ድረስ ይሰማኝ ጀመር።

አጎትየው ሁለተኛ ሲወጡ ፊታቸው ገርጥቷል። «አሁንም ተኝታለች። ተራዋ ይደርሳል» አሉ። «ነገሯቸው?» አልኩ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። «አባባ፣ ነገሯቸው ወይ?» ደገምኩ። «አንቺ ልጅ፣ ሰው ፊት...» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ እንኳ በደንብ አላስታውሰውም፤ የሚነግሩኝ ሌሎች ናቸው። ንፍሮውን ወርውሬ ብረቱን በሁለት እጄ እየነቀነቅሁ «ገደሏቸው! እህትዎን በአፍዎ ገደሏቸው! ኧረ ሰው ይስማኝ!» ብዬ ጮህኩ። የአገር ሽማግሌ ላይ፣ በአደባባይ፣ ሴት፣ ያውም ምራት፣ ያውም ከሰው አገር የመጣች። ጩኸቱን ሰምቶ ያ ነርስ ወጣ፤ ገና ጢሙ ያልጠና ልጅ ነው። «ምንድነው?» አለ። «ስኳር አለባቸው! ክኒን ውጠው አልበሉም!» አልኩት። ልጁ ወደ አጎትየው ዞረ። «አባባ፣ ስኳር፣ ግፊት፣ የቆየ በሽታ አለባቸው ወይ ብዬ ስጠይቅዎ የለባትም አላሉኝም?» አለና መልስ ሳይጠብቅ ወደ ውስጥ ሮጠ። ጥበቃው እኔንም በሩን ከፍቶ አሳለፈኝ።

ስገባ አማቴ ጥግ ላይ ነበሩ። ክፍሉ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ እሳቸው ነበሩ በሰላም የተኙ የሚመስሉት። ነጠላቸው እስከ አገጫቸው ተስተካክሎ ተደርቦላቸዋል፤ ወንድማቸው ናቸው ያለበሷቸው። ነርሱ ጣታቸውን ወግቶ በደማቸው ያለውን ስኳር ለካ። የደሙ ጠብታ የሚነካበት ወረቀት ስለሚያልቅባቸው መለኪያዋን ስኳር እንዳለበት ለተነገረለት ሰው ብቻ ነበር የሚያወጧት። ቁጥሩን ሲያይ ለተረኛዋ ሐኪም የጮኸው ጩኸት እስከ ዛሬ ይሰቀጥጠኛል። በደም ሥራቸው ግሉኮስ ገፉበት፣ ደግመው ገፉበት። ቆየ፣ ቆየና ዓይናቸውን ከፈቱ። «እማማ» አልኩ። አዩኝ። ሰው የማያውቀውን በር እንደሚያይ ነበር ያዩኝ።

ሐኪሟ ወደ ጎን ወስዳ ነገረችኝ። አንጎል ያለ ስኳር ብዙ ከቆየ አንዳንዱ ነገር ይመለሳል፣ አንዳንዱ አይመለስም፤ መጠበቅ ነው አለች። «ጧት ቢነገረን ኖሮ» ግን አላለችም። እንድትለው ፈልጌ ነበር፤ አላለችም።

አጎትየውን ውጭ አገኘኋቸው፤ ካርዱን ከአንገታቸው አውልቀው በእጃቸው ጨብጠውታል። ሳልጠይቃቸው ተናገሩ። «ሲያስገቡን ያ ልጅ ጠየቀኝ። የእኛ ቤት ሰው እንዲህ ያለ በሽታ የለበትም አልኩት። ሰው ሁሉ ይሰማል። አንቺ ከነገርሽኝ በኋላ ሁለት ጊዜ አጠገቡ ድረስ ሄጃለሁ። የልጅ ልጄን ያህላል። ቅድም የለም ያልኩትን አሁን አለ ብል ምን ይለኛል? ዋሽቶኛል አይልም? ደግሞ ተኝታለች ብዬ... እንዴት ያምራል እንቅልፏ ብዬ ነበር እኮ።» ከዚህ በላይ አልቻሉም። እኔም ስድብ ነበር አፌ ላይ የመጣው፤ ዋጥኩት።

ባሌ ሲመጣ እናቱን አይቶ አለቀሰ፤ ከዚያ ለእኔ «እናቴን አድነሻል፣ እግዜር ይስጥሽ። አጎቴን ግን በሰው ፊት አዋርደሻል፣ ይቅርታ መጠየቅ አለብሽ» አለኝ። ሽማግሌ ተላከብኝ። ሄጄ የአጎትየውን ጉልበት ሳምኩ። ይቅርታው ከአፌ እንጂ ከሆዴ አልወጣም፤ እሳቸውም ያውቁታል። «እኔ ነበርኩ ያንቺን ጉልበት መሳም የነበረብኝ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ ማንም እንዳይሰማ። ይኸንንም እንኳ በሹክሹክታ!

አማቴ ወደ ቤት ተመለሱ። እግራቸው ተመለሰ፤ ምግቡም፣ ሳቃቸውም ጭምር። ሰው ግን አልተመለሰላቸውም። ልጃቸውን የቤቱ ጌታ ይሉታል፤ እኔን ደግ ጎረቤት ነኝ ብለው ይመርቁኛል። የቀረላቸው ትልቁ ነገር ጨዋነታቸው ነው። እሱን ማንም አልወሰደባቸውም።

አጎትየው በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይመጣሉ። ሽበታቸውን በሩ ላይ ሲያዩ አማቴ ግድግዳውን ይዘው፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ይነሳሉ። «ኖር!» ይላሉ። «በእግዜር፣ በእናትሽ ተቀመጪ» ይላሉ አጎትየው፤ አማቴ ግን እንግዳ ሳይቀመጥ አይቀመጡም። አጎትየው በካፊኖኖ ያናግሯቸዋል፤ አማቴ የሚመልሱት በአማርኛ ነው፣ ለማያውቁት ሰው፣ ለቢሮ ሰው በሚናገሩበት አማርኛ።

ባለፈው እሑድ አጎትየው ጎንበስ ብለው «ወንድምሽ ነኝ እኮ» አሏቸው። አማቴ በትሕትና ፈገግ አሉ። «ይቀመጡ ጌታዬ» አሉ። «ወንድሜ እዚህ የለም። ለሐኪሙ ሊነግርልኝ ገብቷል፣ አሁን ይመጣል።»